ከህክምና መዝገብ ትራንስጀንደር ታካሚዎችን ለጥናት መለየት፦ የትኛው ዘዴ ለየትኛው ጥያቄ ይሻላል?

አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ ፐብሊክ ሄልዝ፣ ነርሲንግ፣ የጤና ዳታ ምናምን የምትሰሩ ሰዎች ትራንስጀንደር ታካሚዎችን (ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ጾታ የተለየ ማንነት ያላቸውን) ከመዝገብ የመለየት ስራ አንድ ቀን ጠረጴዛችሁ ላይ መምጣቱ አይቀርም። አለቃችሁ «ከሆስፒታሉ ዳታ ትራንስጀንደር ታካሚዎችን አውጡልኝ፣ ሆርሞን ሲወስዱ የደም መርጋት ይበዛባቸው እንደሆነ እናያለን» ይላል፣ እናንተም ቀላል መስሏችሁ ትቀመጣላችሁ፣ መዝገቡን ስትከፍቱ ግን ያለው ወንድ ወይም ሴት የሚል አንድ ሳጥን ብቻ ነው፣ እሱም ሲወለድ የተመዘገበው ይሁን ሰውየው በኋላ ያስቀየረው የሚነግራችሁ የለም። ከዛ የቀደሙ ጥናቶችን ታያላችሁ፣ አንዱ በዲያግኖሲስ ኮድ (ሐኪሙ ምርመራውን ለመዝገብና ለክፍያ በሚጽፍበት ቁጥር) ፈልጓል፣ አንዱ በሆርሞን፣ አንዱ የዶክተር ማስታወሻ አንብቦ፣ አንዱ ደግሞ ታካሚው በሞላው ፎርም። ሁሉም «ትራንስጀንደር ታካሚዎች» ብለው ነው የጻፉት፣ የያዟቸው ሰዎች ግን አንድ አይደሉም።

ልዩነቱ ትንሽ እንዳይመስላችሁ። በ2016 የቀደሙ ጥናቶችን ሰብስቦ የደመረ አንድ ስራ ወጥቶ ነበር፣ ከ100,000 ሰው በዲያግኖሲስ የተገኙት 6.8 ናቸው፣ በሆርሞን ወይም በቀዶ ጥገና 9.2፣ ሰዎች ራሳቸው ሲጠየቁ ደግሞ፣ በጣም ከፍ ያለውን አንድ ጥናት አውጥተውት እንኳን፣ 355። ሃምሳ እጥፍ! ስለዚህ ዘዴ መምረጥ ማለት ስለ ማን እንደምታወሩ መምረጥ ነው።

መጀመሪያ መለኪያው

ዘዴ ከመያዛችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ካወጣናቸው ሰዎች ስንቱ በእርግጥ ትራንስጀንደር ነው? ስንቱስ አመለጠን፣ ያመለጡት እነማን ናቸው (ኢንሹራንስ የሌላቸው? ህክምና የማይፈልጉት?)። ዳታው ትራንስ ሴትን፣ ማለትም ሲወለዱ ወንድ ተብለው የተመዘገቡትን፣ ከትራንስ ወንድ ይለያል ወይ? ይሄ የግድ ነው፣ ምክንያቱም እነዚህ ኢስትሮጅን እነዛ ቴስቶስትሮን ነው የሚወስዱት፣ ሁለቱን ደባልቆ ስለ ደም መርጋት ማውራት ዋጋ የለውም። ከዛ ቀኑ አለ፦ ኮዱ የተጻፈበት ቀን ሆርሞን ከተጀመረበት ቀን ጋር አንድ ነው ወይ? ከዛ ገንዘብና ጊዜ። በመጨረሻ ደግሞ ዝርዝሩ ከእጃችን ቢወጣ ማን ይጎዳል የሚለው፣ እሱን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ እኔ ግን ወደ ታች ለብቻው እመለስበታለሁ።

የመጀመሪያው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። 100,000 ሰው አላችሁ እንበል፣ ከነሱ 500ዎቹ ትራንስጀንደር ናቸው፣ 500ውም ፎርሙን በትክክል ሞሉ። ከቀሩት 99,500 ሰዎች መካከል ግን ከመቶ አንዱ ጥያቄው ሳይገባው የተሳሳተ ሳጥን ነካ። ይሄ 995 ሰው ነው። እና ዝርዝራችሁ 1,495 ሰው ይዞ ሁለት ሶስተኛው ስህተት ሆነ ማለት ነው፣ ያውም 99 ከመቶው ሰው በትክክል መልሶ! የምትፈልጉት ቡድን ትንሽ ሲሆን ከትልቁ ቡድን የሚንጠባጠበው ትንሽ ስህተት ይውጠዋል።

ይሄ የሂሳብ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝና ዌልስ የ2021 ቆጠራ ስለ ጾታ ማንነት ጠይቆ 262,000 ሰው ወይም 0.5 ከመቶ አገኘ፣ በኋላ ቁጥሩ ሲታይ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች አካባቢ ከፍ ብሎ ተገኘ፣ ጥያቄው ረዘም ብሎ ግራ የሚያጋባ ስለነበር ሳይገባቸው የመለሱ እንዳሉ ተጠረጠረ፣ በ2024 የስታቲስቲክስ ቢሮው ራሱ ቁጥሩን ገና በመሻሻል ላይ ወዳለ ደረጃ አወረደው። የኛ ሰው የሚበዛበት ክሊኒክ ውስጥ ዳታ የምትሰበስቡ ይሄን ልብ በሉ። ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ በ2004ቱ የቋንቋ አገልግሎት ህግ ምክንያት የመንግስት ፎርም በአማርኛም ይዘጋጃል፣ ግን ፎርሙ በአማርኛ ስለተጻፈ ብቻ እማማና አባባ ገብቷቸዋል ማለት አይደለም፣ ከማሰራጨታችሁ በፊት ከጥቂት ትልልቅ ሰዎች ጋር ቁጭ ብላችሁ «ይሄ ጥያቄ ምን እየጠየቀ ይመስሎታል?» በሏቸው።

ታካሚው ራሱ የሞላው

ጥሩ የሚባለው አሰራር ሁለት ጥያቄ ነው፦ አሁን ራስህን እንደምን ታያለህ፣ ከዛ ሲወለድ የተመዘገበው ጾታ ምንድነው። ሁለቱ ካልተገጣጠሙ ሰውየው በዛ ይለያል። ከሁሉም ዘዴ ይበልጥ ህክምና ያልፈለገውን ሰው የሚያገኘው ይሄ ነው፣ ወንድም ሴትም አይደለሁም የሚሉትንም የሚያሳየው ይሄ ነው። አሜሪካ ውስጥ የፌደራል ገንዘብ የሚያገኙ የማህበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ከ2016 ጀምሮ ይሄን ሰብስበው ሪፖርት እንዲያደርጉ ተደርጎ ስለነበር ዳታው ብዙ ቦታ አለ።

ችግሩ ባዶው ነው። ብዙ ታካሚ አይሞላውም፣ ወይም ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ መጠየቁ ከብዷት መልክ አይታ ትሞላዋለች፣ እና ባዶ የሆነውን «ትራንስጀንደር አይደለም» ብላችሁ ከቆጠራችሁ የማወዳደሪያ ቡድናችሁ ውስጥ ስንት ትራንስጀንደር እንደተደበቀ አታዩም። ደግሞ ቀኑ ፎርሙ የተሞላበት ቀን ነው፣ ሌላ ነገር አይነግራችሁም።

በዛ ላይ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 የወጣው፣ ጾታ ወንድና ሴት ብቻ ነው የሚለው የፕሬዝዳንት ትራምፕ ትዕዛዝ አለ። ከሱ በኋላ የፌደራል መስሪያ ቤቶች ጥያቄውን ከፎርምና ከዳሰሳ ሲያወጡ ቆይተዋል። ከ2016 እስከ ዛሬ የሚሄድ ግራፍ የምትሰሩ ካላችሁ 2025 ላይ መስመሩ ቢወርድ ሰው ቀነሰ ብላችሁ እንዳትጽፉ፣ የተቀየረው ፎርሙ ነው።

የዲያግኖሲስ ኮድ

ሁሉም የሚጀምርበት፣ ርካሽና ፈጣን። አይሲዲ የሚባለው ዓለም አቀፍ የበሽታ ኮድ ዝርዝር ነው፣ በ9ኛው ቅጂ (አይሲዲ-9) ዘመን 302.5፣ 302.6 እና 302.85 ነበሩ፣ በአይሲዲ-10 የኤፍ64 ቤተሰብ ናቸው፣ ዜድ87.890ም አለ፣ እሱ ቀደም ሲል የጾታ ማስተካከያ ላደረገ ሰው ነው። አሜሪካ ኦክቶበር 1 ቀን 2015 ከ9 ወደ 10 ስለተሻገረች ያን ቀን የሚያቋርጥ ጥናት ሁለቱንም ዝርዝር ይፈልጋል። አንድ የምታናድድ ነገር ደግሞ አለች፦ በአሜሪካው ቅጂ ኤፍ64.1 እስከ ሴፕቴምበር 2016 የአዋቂና የአፍላ ወጣት ጾታ ማንነት ኮድ ነበር፣ ከኦክቶበር 2016 ጀምሮ ኤፍ64.0 አዲስ ገብቶ ዋናውን ቦታ ያዘ፣ ኤፍ64.1 ሌላ ትርጉም ተሰጠው። ከ2017 በኋላ የተጻፈ የኮድ ዝርዝር ኮርጃችሁ የ2015 መጨረሻ ዳታ ላይ ብትለጥፉት ዋናውን ቡድን ትጥላላችሁ። አይሲዲ-11 ላይ ደግሞ ኤችኤ60 እና ኤችኤ61 ሆነው ከአእምሮ ህመም ምዕራፍ ወጥተው ወደ ወሲባዊ ጤና ተዛውረዋል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ስራ ላይ አውሎታል፣ አሜሪካ ግን ገና በ10 ላይ ናት።

ኮዱ ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ትራንስጀንደር ነው፣ በተለይ በሁለት የተለያየ ቀን ከተጻፈ። የሚያመልጠው ግን ብዙ ነው። ኮዱን የሚያገኘው ዶክተር ጋ ሄዶ ስለዚህ ጉዳይ የተናገረ ሰው ነው። የተናገረም ቢሆን ዶክተሩ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ብሎ እንዳይመልስበት ወይም ታካሚው ላይ ስም እንዳይለጠፍ ብሎ ኢ34.9 ይጽፋል፣ «ያልተገለጸ የሆርሞን ችግር» የሚለውን። ኤፍ64ን ብቻ የያዘ ጥናት እነዚህን ሰዎች በሙሉ አያያቸውም።

ከአሜሪካ አርበኞች (የቀድሞ ወታደሮች) ጤና አስተዳደር ዳታ የተሰራውና በ2013 የወጣው ጥናት በኮድ ብቻ ነው የሄደው፣ ከ100,000 ሰው 22.9 አገኘ። ጥሩ ስራ ነው፣ ግን በኮድ የተገኙ ሰዎች ላይ ድብርትና ራስን የመጉዳት ነገር ሲበዛ አንድ ነገር አስታውሱ፣ የድሮው ኮድ የአእምሮ ጤና ምዕራፍ ውስጥ ነበር፣ ብዙ ጊዜ የሚጽፈውም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው። እዛ ቢሮ ያልገባው ሰው አልተቆጠረም።

ሆርሞንና ቀዶ ጥገና

ሲሰሙት ያጓጓል፦ ወንድ ተብሎ የተመዘገበ ሰው ኢስትራዲዮል (የኢስትሮጅን አይነት) ከወሰደ፣ ሴት ተብላ የተመዘገበች ቴስቶስትሮን ከወሰደች፣ በቃ አገኘናቸው። ቀኑም ጥሩ ነው፣ ፋርማሲው መቼ እንደሰጠ ተጽፏል፣ የመድሃኒት ጉዳት ለምታጠኑ ከዚህ የተሻለ ቀን አታገኙም።

ግን መድሃኒቶቹ ሌላም ስራ አላቸው። ስፓይሮኖላክቶን ለልብና ለደም ግፊት ነው፣ ለብጉርም ይሰጣል፣ ፊናስተራይድ ለፕሮስቴትና ለራስ በራነት ነው፣ ስለዚህ እነዚህን ብቻቸውን ምልክት አታድርጓቸው። ሌላው ወጥመድ ደግሞ የከፋ ነው፦ ሰውየዋ መዝገቧ ላይ ጾታዋን ወደ ሴት ካስቀየረች አለመጣጣሙ ጠፋ፣ ኢስትራዲዮል የምትወስድ ትራንስ ሴት ማረጥ ላይ ያለች ሴት ትመስላለች። እንግዲህ ዘዴው የሚያገኘው ገና ያላስቀየሩትን ነው፣ ያስቀየሩት፣ ማለትም ብዙ ጊዜ ቆየት ያሉት፣ ይወጣሉ። ወንድ የሚል መዝገብ ላይ የማህጸን በር ምርመራ ካለ ብሎ የሚፈልግም አለ፣ እዛ ውስጥ ግን የጸሐፊ ስህተት ስለሚበዛ ለብቻው አይታመንም።

የዶክተር ማስታወሻ ማንበብ (በማሽንም በዓይንም)

ከኮድ የተሰወሩትን የሚያወጣው ይሄ ነው፣ ዶክተሩ ኢ34.9 ብሎ ቢጽፍም ማስታወሻው ላይ ሁሉን ይተርከዋላ። ግን ቃል ፍለጋው ጉድ ነው። «ትራንስ» ብላችሁ ብትፈልጉ ትራንስ ፋት፣ ትራንስቫጂናል አልትራሳውንድ፣ ትራንስፈር፣ ትራንስፊውዥን ሁሉ ይጎርፋል። ትራንስጀንደር ለማለት የሚጻፈው ቲጂ የሚለው አህጽሮት ትራይግሊሰራይድ (የደም ስብ) ማለትም ነው። ከወንድ ወደ ሴት ለማለት የሚጻፈው ኤምቲኤፍ ወታደር ሆስፒታል ውስጥ የሰራዊቱ ህክምና ጣቢያ ማለት ነው። ኤችአርቲ (የሆርሞን መተኪያ ህክምና) ማረጥ ላይ ያሉ ሴቶች ሁሉ ጋ አለ። «የታካሚዋ ወንድም ትራንስጀንደር ነው» የሚል የቤተሰብ ታሪክም ይገባል፣ «ትራንስጀንደር፦ አይደለም» የሚል ሁሉም ፋይል ላይ የተለጠፈ ፎርምም ይገባል። ማሽኑ አረፍተ ነገሩን ካልተረዳ፣ ወይም ሰው ተቀምጦ ካላነበበ፣ ቁጥሩን አትመኑት። ዋጋውም እዚህ ላይ ነው፣ የሰው ሰዓት ይበላል።

ድምሩ

ዘዴዎቹን አንድ ላይ መደመር፣ የኔ ምርጫ ይሄ ነው፣ አቅም ካለ። ካይዘር ፐርማነንቴ የተባለው የአሜሪካ ጤና ድርጅት ጆርጂያና ካሊፎርኒያ ውስጥ ከ2006 እስከ 2014 ባለው መዝገብ የሰሩት ምሳሌ ይሆናል፦ መጀመሪያ በኮድና በቁልፍ ቃል ሰፋ አድርገው እጩዎችን ሰበሰቡ፣ ቀጥለው ቃሉ የተገኘበትን አጭር ጽሁፍ፣ ስምና መለያ ወጥቶለት፣ ሰዎች አነበቡት፣ በመጨረሻ ሲወለድ የተመዘገበውን ጾታ ለይተው ትራንስ ሴትና ትራንስ ወንድ ብለው ከፈሉ። 6,456 ሰው አገኙ፣ 3,475 ትራንስ ሴት፣ 2,892 ትራንስ ወንድ፣ 89ኙ ግን ሊለዩ አልቻሉም። ያ ቡድን ስለነበረ ነው በ2018 ትራንስ ሴቶች ላይ በደም ስር ውስጥ የደም መርጋት ከፍ እንደሚል በቁጥር ማሳየት የተቻለው።

ድምር ስትሰሩ «ወይም» እና «እና» ይለዩ። ኮድ ወይም ሆርሞን ካላችሁ ብዙ ሰው ታገኛላችሁ፣ ስህተትም ይገባል። ኮድ እና ሆርሞን ካላችሁ ንጹህ ቡድን ይሆናል፣ ግን ሆርሞን የማይወስደውን ሁሉ አስወጣችሁ። መሃሉ ላይ ብዙ ሰው የሚሰራበት ኤፍ64 ብቻውን ይበቃል፣ ኢ34.9 ከሆነ ግን ከተመዘገበው ጾታ ጋር የማይጣጣም ሆርሞን አብሮ መኖር አለበት የሚለው ነው፣ ቢልና ኢንሹራንስ ዳታ ብቻ ላላችሁ ይሄ ጥሩ ነው።

የሀገር መዝገብና የአንድ ክሊኒክ ቡድን

ዴንማርክ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው 10 አሃዝ ቁጥር አለው፣ የመጨረሻው ጎዶሎ ከሆነ ወንድ፣ ሙሉ ከሆነ ሴት፣ በህግ ጾታውን ያስቀየረ ሰው አዲስ ቁጥር ያገኛል፣ መዝገቡ አሮጌና አዲሱን ያገናኛል። በ2023 የወጣው የራስ ማጥፋት ጥናት ይሄንና የሆስፒታል ዲያግኖሲስን ደምሮ 3,759 ሰው አገኘ፣ ከ1980 እስከ 2021። እንግሊዝ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ሰውየው ጾታውን ሲያስቀይር አዲስ የኤንኤችኤስ (የመንግስት ጤና አገልግሎት) ቁጥር ይሰጠዋል፣ አሮጌው መዝገብ ይቆረጣል፣ ለተመራማሪው ያ ሰው ጠፍቶ አዲስ ሰው ተወለደ። ለታካሚውም ጣጣ አለው፣ ወንድ ተብሎ የተመዘገበ ትራንስ ወንድ የማህጸን በር ምርመራ ጥሪ ሳይደርሰው ይቀራል።

አምስተርዳም ያለው ክሊኒክ ከ1972 እስከ 2015 6,793 ሰው መዝግቧል፣ ቀኑም ሆርሞኑም ጥርት ያለ ነው። ኔዘርላንድ ላይ 2,260 ትራንስ ሴቶች ታይተው 15 የጡት ካንሰር የተገኘው፣ ከወንዶች ብዙ እጥፍ ከሴቶች ግን ያነሰ መሆኑ የታወቀው፣ ከዚህ ቡድን ነው። ክሊኒኩ በር ላይ ያልደረሰ ሰው ግን እዛ የለም።

በአጭሩ ሲታይ

| ዘዴ | ከተገኙት ትክክለኛው | የሚያመልጠው | ቀኑ | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ራሱ የሞላው (2 ጥያቄ) | ጥሩ፣ ጥያቄው ከገባቸው | ያልሞሉት ሁሉ | ደካማ | ዝቅተኛ፣ ዳታው ካለ |
| ዲያግኖሲስ ኮድ | ከፍተኛ | በጣም ብዙ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |
| ሆርሞን ብቻ | መካከለኛ | መዝገቡን ያስቀየሩ፣ የማይወስዱ | በጣም ጥሩ | ዝቅተኛ |
| ማስታወሻ፣ ሳይነበብ | ዝቅተኛ | ትንሽ | መካከለኛ | መካከለኛ |
| ድምር ከንባብ ጋር | ከፍተኛ | ትንሽ | ጥሩ | ከፍተኛ |
| የሀገር መዝገብ | ከፍተኛ | ህግም ሆስፒታልም ያልነኩ | ጥሩ | ፈቃዱ ነው የሚከብደው |
| የክሊኒክ ቡድን | በጣም ከፍተኛ | ክሊኒክ ያልመጡ | በጣም ጥሩ | መካከለኛ |

ዝርዝሩ ራሱ አደጋ ሲሆን

ሌላ ጥናት ላይ የስኳር በሽተኞች ዝርዝር ቢወጣ ያሳፍራል፣ ይሄኛው ቢወጣ ሰው ይጎዳል። በ2022 የቴክሳስ ጠቅላይ አቃቤ ህግ ቢሮ መንጃ ፈቃድ ላይ ጾታ ያስቀየሩትን ቁጥር ጠይቆ ነበር፣ ከ16,000 በላይ ለውጥ ተገኘ፣ የቱ የጸሐፊ ስህተት እርማት የቱ እውነተኛ ለውጥ እንደሆነ መለየት ሳይቻል ቀረ። በ2023 ቫንደርቢልት የህክምና ማዕከል የትራንስጀንደር ታካሚዎችን መዝገብ ለቴነሲ አቃቤ ህግ አስረከበ፣ ታካሚዎቹ የሰሙት በኋላ ነው። በጁላይ 2025 ደግሞ የአሜሪካ ፍትህ ሚኒስቴር ለልጆች ይሄን ህክምና ለሚሰጡ ከ20 በላይ ሐኪሞችና ክሊኒኮች መጥሪያ መላኩን አሳወቀ። ስለዚህ የስም ዝርዝር ያለበት ፋይል ከሆስፒታሉ ሰርቨር አይውጣ፣ ላፕቶፕ ላይ አይቀመጥ፣ ዝርዝሩን ያወጣው የኮምፒውተር ስክሪፕት ካለ ዝርዝሩ እንደገና ይወጣልና ስራው ሲያልቅ አጥፉት። ሜዲኬር (በዋናነት የአሜሪካ አዛውንቶች የመንግስት ኢንሹራንስ) ዳታ ላይ ከ11 በታች የሆነ ሰንጠረዥ ሳጥን አይታተምም፣ እናንተም የየትኛውም ዳታ ላይ ያንኑ ያዙ፣ ትንሽ ካውንቲ ውስጥ «3 ሰው» ብሎ መጻፍ ስም እንደመጥራት ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይሞከር ወይ ለምትሉ፣ አይሞከር። የወንጀል ህጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን ወንጀል ያደርጋል፣ ስለ ትራንስጀንደር በቀጥታ ባይጽፍም ሰው ሁለቱን አይለይም፣ ዝርዝር ቢወጣ ሰዎቹን የሚጠብቃቸው የለም።

እንግዲህ ማን ምን ይያዝ

የማስተርስ ስራ ይዛችሁ ገንዘብ ከሌላችሁና ያላችሁ የኢንሹራንስ ዳታ ብቻ ከሆነ፦ ኤፍ64 ወይም ኢ34.9 ከማይጣጣም ሆርሞን ጋር፣ ርዕሱ ላይ ደግሞ «ህክምና የፈለጉ» ብላችሁ ጻፉ።

ስንት ሰው አለ የሚል ጥያቄ ከሆነ ኮድ አይሰራም፣ ራሱ የሞላው ፎርም ያስፈልጋል፣ ከሰጡት መልስ ጥቂቱን ደውሎ ወይም ቻርት ከፍቶ ማረጋገጥ አብሮ ይታሰብ።

የመድሃኒት ጉዳት ከሆነ የፋርማሲ ቀን ይዛችሁ ሂዱ፣ ቁጥሩ ቢያንስም ንጹህ ቡድን ይሻላል። ቀኑ ላይ ይሄን ተጠንቀቁ፦ ሰውየው በ2012 ሆርሞን ጀምሮ ኮዱ የተጻፈው በ2016 ከሆነና እናንተ ከ2012 ጀምራችሁ ከቆጠራችሁ፣ እነዛን አራት አመታት መሞት አይችልም ነበር፣ ቢሞት ኖሮ ኮዱ ባልተጻፈና እናንተም ባላገኛችሁት። እድሜው በሐሰት ረዝሞ ሆርሞኑ የማይጎዳ ይመስላል። ቆጠራው ሁለቱም ከተሟሉበት ቀን፣ እዚህ ላይ ከ2016፣ ይጀምር።

አቅም ያለው ቡድን ድምሩን ይስራ፣ የማይችል ደግሞ ከዝርዝሩ 100 ፋይል በዘፈቀደ አውጥቶ ሁለት ሰው ለየብቻ ያንብባቸው፣ ካልተስማሙ ሶስተኛ ሰው ይጨመር። ከዝርዝሩ ውጪ ካሉትም የተወሰኑትን አንብቡ፣ በተለይ ኢ34.9 ያለባቸውን፣ ምክንያቱም ያመለጡትን ማየት የሚቻለው እዛ ነው። የተጠቀማችሁበትን የኮድ ዝርዝር ከነቀኑ ጽሁፉ መጨረሻ ላይ አስቀምጡት፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው የኤፍ64.1ን ነገር ከዜሮ እንዳይጀምር።